ጭንቀቱ ለልጄም ወረደ ይሆን?
ጤና ይስጥልኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጨነቅ ኖራለች። ወንድሜም ሂርማታ ገበያ መሃል በድንገት ልቡ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሸሽቶ ይወጣል። አሁን ደግሞ ትንሹ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል ሆዱን ያመዋል፤ ምርመራው ምንም አላሳየም።

በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰዎች ለጭንቀት ሕመም ባላቸው ተጋላጭነት ከሚለያዩበት ምክንያት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የዘር ውርስ ነው። ከቀሪው ውስጥ የእኛን ፍርሃት እያየ የሚማረውም አለበት፤ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው። አክስቴ ጸበል ትላለች፣ ጎረቤቴ ዱዓ። ቡና ቀንሺ ያለኝም አለ፣ ጅማ ተቀምጬ!

የቤተሰቡን ታሪክ ለልጁ ልንገረው ወይስ ይብስበታል? በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል ልጁን ያሳከመ ካለ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁ እባካችሁ ንገሩኝ።