የአጎቴን ወረቀቶች ማንበብ የሚችል ሰው ይኖር ይሆን?

የሸዋ በሩ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እዚሁ ደሴ የታሪክ መምህር ነበር። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ልናከራይ ስናጸዳ አልጋው ሥር የብረት ሳጥን አገኘን። ውስጡ የጡረታ ደብተር፣ አንድ እግሩ የተሰበረ መነጽርና በላስቲክ የታሰረ 11 ገጽ ወረቀት አለ። ግራና ቀኙ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ተቀጣጥሎ የሚወጣው የድሮ ፕሪንተር ወረቀት ነው። ላስቲኩ ስነካው ፍርፍር አለ። እናቴ "ቆሻሻ ነው፣ ጣለው" ብላ ነበር። እኔ ግን ጦሳን ጉም ሲሸፍነውና ሌላ ሥራ ሲጠፋ እያወጣሁ አያለሁ።

አናቱ ላይ መጋቢት 1995 ይላል፣ በፈረንጅ። ያኔ እኛ ቤት ስልክ እንኳ አልነበረም! ቀጥሎ በነጥብ የተከፋፈለ ረጅም አድራሻ አለ፤ መጨረሻው ጂኤን፣ ኤፒሲ፣ ኦአርጂ ነው። ከጽሑፉ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የቀረው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ይመስላል፣ ግን አይነበብም። ቃል መሃል ላይ ትልቅ ፊደል ይሰነቀራል። ኤክስ ደግሞ እንደ ጨው ተነስንሷል። ሰውየው ኪቦርድ አያውቅም ልበል?

ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ አንድ ገጽ ላይ ኢ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኤል ይልና 1832 ይላል። ዓመት መስሎኝ፣ የዘመነ መሳፍንት ጉዳይ ነው ብዬ ሁለት ሌሊት የየጁዎችን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ብቻውን የቆመ መስመር አለ። የመጀመሪያው ቃል ኪው፣ ቢ፣ ትልቅ ኢ፣ ደብሊው ነው። ኮድ ነገር ይሆን?

አሮጌ ሞደም (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ አጎትህን ነፍሳቸውን ይማር። እናትህ እንዳትጥለው!

ይሄ ኢሜይል ነው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ስለሆነ ግራ ቢገባህ አይገርምም። ከዚያ በፊት ግን አፍሪካ አዳራሽ፣ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ ውስጥ፣ ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር። የእሱ መረብ ፓዲስኔት ይባል ነበር፤ ፊዶኔት በሚሉት ዘዴ ነበር የሚሠራው። አድራሻው ላይ ያለው ጂኤን መልእክቱ የሚያልፍበት፣ ለንደን ያለው ግሪንኔት የሚባል መረብ ነው፤ ኤፒሲ ደግሞ ግሪንኔት አባል የሆነበት ማኅበር።

አሠራሩ እንደ ፖስታ ከረጢት ነው። ቀን የተጻፈው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ይከማቻል። ሰዓቱ ሲደርስ ሞደሙ እንደ ታነቀ ዶሮ ይጮህና በስልክ መስመር ይገናኛል። የተጠራቀመውን ይሰጣል፣ የመጣለትን ይቀበላል፣ ይዘጋል። ለስልኩ የሚከፈለው በደቂቃ ስለነበር ደብዳቤ አጭር መሆን ነበረበት። መስመሩ ከተበላሸ ያው ነገ ነው። እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ዘመድ ያለው ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ "እባክህ ይቺን ላክልኝ" ይለን ነበር። አጎትህም አዲስ አበባ አንድ የሚታይፕላቸው ሰው ሳይኖራቸው አይቀርም።

አማርኛውን ለሚያውቅ ትቻለሁ። እኔ መላክ እንጂ ማንበብ አልቻልኩበትም ነበር።

ትልቋ ቲ (ሜሪላንድ)

ኪቦርዱንማ ሰውየው በደንብ ያውቃል! ሴራ ይባላል። ተንኮሉ አይደለም፣ የአጻጻፍ ስልቱ ስም ነው። ያኔ ኢሜይል የእንግሊዝኛ ፊደልና ጥቂት ምልክት ብቻ ነበር የሚሸከመው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ እዚህ ያለን ተማሪዎች በዚህ ነበር የምንጻጻፈው።

ምስጢሩ ትልቅና ትንሽ ፊደል ላይ ነው። ትንሿ ቲ ተ ናት፣ ትልቋ ቲ ጠ። ትንሿ ኤች ሀሌታው ሀ፣ ትልቋ ሐመሩ ሐ። ሲ ቸ ናት፣ ትልቋ ጨ። ኤክስ ሸ ናት። ትንሿ ኢ ግዕዝ፣ ትልቋ ኢ ኃምስ ናት። ተናባቢው ብቻውን ከቆመ ሳድስ ነው። ስለዚህ "ቤት" ለመጻፍ ቢ፣ ትልቅ ኢ፣ ቲ ትላለህ። እስኪ ኤክስ፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኤ የሚል ካለ ፈልግና ንገረኝ።

የሸዋ በሩ ልጅ

ኧረ በሕግ አምላክ! ሸዋ! ቀጥሎ ቢ፣ ኢ፣ አር አለ። ሸዋ በር! የገዛ ሰፈሬን ስም ነው ለካ ሳምንቱን ሙሉ አፍጥጬ የማየው። ደሴም አለች፣ በትልቅ ኢ አልቃ። ኪዋን ግን አልነገርከኝም።

ትልቋ ቲ

ኪው ቀ ናት። ቀሪውን ራስህ ፍታው፣ እኔ ብነግርህ ምን ጣዕም አለው።

ቆላ ወረድኩ (ኮምቦልቻ)

እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ 1832ቱ ልናገር። የጁዎቹን በሰላም ተዋቸው። ዓመት አይደለም፣ የፊልም ቁጥር ነው። አራቱ ፊደላት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ፕሮጀክት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ እየዞረ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ አለ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነፍሳቸውን ይማርና ዕድሜያቸውን ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩበት ቦታ ነው። 1832 ደግሞ የእኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ81 የተሰጠ። ኅዳጉ ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች ለታሪክ ሰው ወርቅ ናቸው።

አጎትህ በኢሜይል ጥያቄ መላካቸው ደግሞ በዓለም ላይ እንግዳ አልነበረም። ቢትኔት የሚባል የዩኒቨርሲቲዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ1981 ኒውዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲንና ዬልን አያይዞ ተጀመረ። በ1987 ቶሮንቶ ላይ ዊላርድ ማካርቲ የሚባል ሰው በዚያው መረብ ሂዩማኒስት የሚል የመልእክት መለዋወጫ ከፈተ። የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ ሰው ለሁሉም አንድ ጥያቄ ይልካል፤ የሚያውቀው ይመልሳል። ያቺ ጥቅስ ከየት ናት? የዚህን መጽሐፍ ቅጂ ማን አይቷል? ይህን ፊደል ስክሪን ላይ እንዴት ላውጣው? ጠያቂው ዝነኛ ፕሮፌሰር ይሁን ተማሪ፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ያው አንድ መስመር ነው። እኔ ይሄን ነው የምወደው። የኛ ሰው ባለማወቁ እንዳይታማ ፈርቶ ስንቱን ጥያቄ ይዞ ተቀብሯል።

ግን ምን ነበር የጠየቁት? ካላስቸገርንህ ንገረን፤ እዚህ ሙቀቱ እንቅልፍ አያስተኛም።

የሸዋ በሩ ልጅ

ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በእርሳስ ፊደል በፊደል እያወረድኩ ጨረስኩት።

አጎቴ ከዚያ ወንጌል ኅዳግ የተቀዳ ማስታወሻ በእጁ ገልብጦ ነበር። ገልብጦ ቤት ሲመለስ ሻይ ፈሰሰበት። ራሱ ነው የጻፈው፣ "በገዛ እጄ ሻይ ደፍቼበት" ብሎ። ግማሽ መስመር ጠፋ። ጥያቄው ይሄው ነው፦ ፊልሙ አጠገብ ያላችሁ፣ ሦስተኛውን መስመር አይታችሁ ብትጽፉልኝ። እንግሊዝኛው ላይ በጣም ይቅርታ ይጠይቃል፤ አማርኛው ላይ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚያዝዝ፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጥያቄው በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ወርዶ፣ በለንደን በኩል አሜሪካ ደርሶ ተመለሰ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር፣ ተመልሶ ሄዶ አያየውም ወይ ብዬ። እናቴ ስትሰማ ግን "ያን ጊዜ እግሩን ተሰብሮ ተኝቶ ነበር እኮ" አለች። ለካ አልጋ ላይ ሆኖ ነው።

መልሱ ከ19 ቀን በኋላ መጥቷል። መስመሩ ተጽፎለታል፤ አንዱ ፊደል ላይ ግን "ፊልሙም ላይ ደብዝዟል፣ እርግጠኛ አይደለሁም" የሚል አለ። አጎቴ በእስክሪብቶ ከሥሩ አስምሮበታል።

የግርጌዋ መስመር ከአሜሪካ አይደለችም። አዲስ አበባ ሆኖ የሚታይፕለት ሰው የጨመራት ናት። እንዲህ ትላለች፦ "ቅቤው ደረሰ። ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ አጠር ያርጉት።"