ሳንዝግ ክረምቱን እንውጣው፦ ለዲሲና ለሜሪላንድ ትሪያትሎን ጀማሪዎች ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። "በጋውን እንዴት ጎበዝ ነበርኩ፤ ሰዓት ከተቀየረ ወዲህ ግን ብስክሌቴን ዞር ብዬም አላየሁት። አንቺ ክረምቱን እንዴት ነው የምትወጪው?" ለሦስቱም ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ማን እንደሚጠቁማችሁ እወቁልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ) ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ፈጣን አይደለሁም። ከውኃ የምወጣው ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። በብስክሌቱ ጥቂት ሰው እደርሳለሁ። ሩጫው ላይ ደግሞ ሰዎች "ኢትዮጵያዊት ነሽ?" ብለው በአድናቆት ይጠይቁኝና ወዲያው አልፈውኝ ይሄዳሉ።

አገር ቤት ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው። የዚህኛው ነገር ሌላ ነው። እኔን የሚያሰንፈኝ ብርዱ ሳይሆን ጨለማው ነው። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ፀሐይ 4፡46 ላይ ትጠልቃለች። በሀበሻ ሰዓት አሥር ሰዓት ከአርባ ስድስት ማለት ነው፤ መክሰስ እንኳ በቅጡ አልተበላም! ወደ ሥራ ስሄድ ጨለማ፣ ስመለስም ጨለማ።

በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ዕቃ ገዛሁ፣ ብዙ ቦታ ተመዘገብኩ። የታዘብኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚጠብቀኝ ቦታ እሄዳለሁ፣ ዕቃ ብቻ የሚጠብቀኝ ቦታ እቀራለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ነው። ከዋጋው በፊት "ብቀር ማን ያውቃል?" እላለሁ።

ዋናው ላይ ረዘም ላድርገው። ክረምት ላይ ትልቁን ለውጥ የምታገኙት እዚያ ነው፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ከአደግን በኋላ የተማርን ነን። እኔ ልጅ ሆኜ ግዮን ሆቴል ገንዳ ዳር እግሬን ነክሬ ከመቀመጥ ያለፈ ልምድ አልነበረኝም።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ከሆናችሁ የካውንቲውን ገንዳዎች ተጠቀሙ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባለው አለ፤ ሮክቪል አካባቢ ኬኔዲ ሽራይቨር አኳቲክ ሴንተር አለ፤ 2024 ላይ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን አዲስ ተከፍቷል። አዲሱ ያምራል፣ ለሜትሮም ይቀርባል፤ ግን ሁሉም ስለወደደው ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አንዱን ሌን (የመዋኛ መስመር) ለሦስት ለአራት መካፈል አለ። ማርቲን ሉተር ኪንግ አሮጌ ነው፣ መኪና ይፈልጋል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የከተማው ገንዳዎች ለነዋሪ ነጻ ናቸው፤ መታወቂያ ማሳየት ብቻ ነው። ቴንሊታውን ሜትሮ አጠገብ ያለው ባለ 50 ሜትር ነው። በክረምት፣ በነጻ፣ 50 ሜትር ገንዳ! የዲሲ ጓደኞቼ ይህን ሳያውቁ በወር የሚከፍሉበት ቦታ መኖሩ ይገርመኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚህ አገር አብዛኛው ገንዳ የሚለካው በሜትር ሳይሆን በያርድ ነው፤ 25 ያርድ። የኦሊምፒክ ርቀት ትሪያትሎን ዋናው 1,500 ሜትር ነው። ያርድ ከሜትር ስለሚያጥር ስልሳ ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ዋኝታችሁ "ጨረስኩ" እንዳትሉ፤ 66 ነው። እኔ አንድ ሙሉ ክረምት ስልሳ እየዋኘሁ ሰዓቴ ተሻሻለ ብዬ ስደሰት ከርሜ፣ ሰኔ ላይ ውድድሩ ሲደርስ ወንዝ ውስጥ ጉዴን አየሁ።

ብቻችሁን ከመዋኘት ግን ማስተርስ የሚባለው የዋና ቡድን ውስጥ ግቡ። ስሙ ያስፈራል፤ የጠበብቶች ስብስብ ይመስላል። አይደለም። ማስተርስ ማለት ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ሰው ማለት ነው፣ በቃ። ገንዳው ዳር አሠልጣኝ ቆሞ የምትሠሩትን ይነግራችኋል፣ ሌኑ በፍጥነት ይከፋፈላል። የኔ ሌን ውስጥ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ አሉ። በልቤ እትዬ ነው የምላቸው። ገንዳውን እንደ ቤታቸው ጓዳ ያውቁታል፤ ሲዋኙ ውኃ እንኳ አይረጩም፣ በየአራተኛው ዙር ይደርቡኛል። አንድ ሳምንት ቀርቼ ስመለስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "ማክሰኞ የት ጠፋሽ?" አሉኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። "እኔም ጉልበቴን አሞኝ ነበር" ብለው ግድግዳውን ገፍተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ቀርቼ አላውቅም።

ለሴቶች ብቻ፦ ፀጉር ትልቁ ሰበባችን ነው። ሹሩባ ተሠርታችሁ በተለመደው የዋና ቆብ መግባት ጭንቅላትን በገመድ እንደ ማሰር ነው። ሶል ካፕ የሚባለውን ሞክሩት። ሰፊ ነው፣ የተሠራውም ለኛ ዓይነት ፀጉር ነው። የዓለም የዋና ፌዴሬሽን 2021 ላይ ለኦሊምፒክ አይሆንም ብሎ ከልክሎት ብዙ ወቀሳ ከደረሰበት በኋላ 2022 ላይ ፈቅዶታል። ፀጉርን ሙሉ በሙሉ ከውኃ አይከላከልም፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት በንጹሕ ውኃ አርጥቡት፣ ኮንዲሽነር ቀቡት። የራሰ ፀጉር ክሎሪን ብዙ አይጠጣም።

ወደ ብስክሌቱ። ቤት ውስጥ ለመርገጥ ትሬይነር ያስፈልጋል፤ ብስክሌቱን ይዞ ባለበት የሚያስረግጥ ዕቃ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኋላ ጎማችሁን ሲሊንደር ላይ አስደግፎ የሚያስረግጣችሁ ነው። ርካሽ ነው፤ እኔ የመጀመሪያዬን ያገለገለ በ60 ዶላር ነው የገዛሁት። ጎማ ይበላል፣ ያጓራል። ሁለተኛው የኋላ ጎማው ወልቆ ሰንሰለቱ በቀጥታ እሱ ላይ የሚገባው ነው። ዋሁ ኪከር ኮር ከዚህ ወገን ነው፤ አዲሱ ከ500 ዶላር በላይ ይሄዳል። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ መንገድ በስክሪን ከሚያሳይ አፕሊኬሽን ጋር ተገናኝቶ ዳገት ሲመጣ ራሱ ይከብዳል። አፓርትመንት ላይ ለምትኖሩ ልዩነቱ የጎረቤት ሰላም ነው። በ60 ዶላሩ ጊዜ ከታች ያለው ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ ይደበድብ ነበር። የትኛውንም ብትገዙ ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ፣ ፊት ለፊት ትልቅ ፋን፣ መሪው ላይ ያረጀ ፎጣ አድርጉ። ላብ ብስክሌት ያዝጋል፤ ቀልድ አይደለም፣ የኔን መሪ መካኒክ በመዶሻ ነው ያላቀቀው።

አፕሊኬሽኖቹን ላወዳድር። ዝዊፍት በወር 19.99 ዶላር ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሕዝቡ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ብትገቡ የሚረግጥ ሰው አይጠፋም። የፈረንሳዩን ተራራ የአልፕ ዱዌዝን ዳገት የቀዳ 21 ጠመዝማዛ ያለው መንገድ አለው፤ አንዴ ከወጣችሁት በኋላ ስታወሩት ትኖራላችሁ። ሩቪ እውነተኛ መንገድ በቪዲዮ ያሳያል፤ የካርቱን ነገር ለሚሰለቸው ጥሩ ነው፣ እኔ ግን እንቅልፌን አመጣው። ማይዉሽ የአቡ ዳቢ ነው፣ ነጻ ነው። ነጻ ሲባል ተንቆ እንዳይታለፍ፤ የ2024ቱ የዓለም የኢ-ስፖርት ብስክሌት ሻምፒዮና የተካሄደው በእሱ ነው። ለጀማሪ የምለው፦ በማይዉሽ ጀምሩ። ጓደኞቻችሁ ዝዊፍት ላይ ካሉ ብቻ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ክፈሉና ኤፕሪል ላይ አቋርጡ።

ግን ልብ በሉ፣ ከሦስቱም የበለጠችው አሠልጣኝ እማዬ ነበረች። አምና ለገና ከአዲስ አበባ መጥታ ሳሎን ውስጥ ስረግጥ አየችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ተመለከተችና "ወይ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ረግጠሽ አንድ ስንዝር አልሄድሽም እኮ!" አለች። ከዚያ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ቡናዋን ይዛ ተቀመጠች። በየአምስት ደቂቃው "ስንት ቀረሽ?" ትላለች። ማቆም የማይታሰብ ነው። ያን ወር አንድም ቀን አልዘለልኩም። ጥምቀትን አክብራ ሄደች፤ በሳምንቱ ብስክሌቱ የታጠበ ልብስ ማስጫ ሆነ።

መፍትሔው የአክስቴ ልጅ ናት፣ አትላንታ ያለችው። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ሁለታችንም አንድ መንገድ ላይ እንገባና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን እያወራን እንረግጣለን። ሐሜቱ ካማረ አንድ ሰዓቱ ሳይታወቅ ያልቃል። ይህ ነጻ ነው።

ሩጫ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት 9፡00 ላይ ኮሌጅ ፓርክ ፓርክረን የሚባል የሩጫ ዝግጅት አለ፤ 5 ኪሎ ሜትር፣ ነጻ። አንዴ ተመዝግባችሁ ባርኮዳችሁን ይዛችሁ መሄድ ብቻ ነው። እሁድ ቅዳሴ ላለብን ሰዎች ቅዳሜ መሆኑ ተስማምቶናል። ረጅም ለመሮጥ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ላይኛው ቢች ድራይቭ ዓመቱን ሙሉ ለመኪና ዝግ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ የተወሰነው ክፍል ይዘጋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሯጮች ክበብ በክረምትም የሚያዘጋጃቸው ትናንሽ ውድድሮች አሉት፤ ብዙዎቹ ለአባል ነጻ ናቸው፣ ማንም ማንንም አይንቅም። አለባበስ ላይ አንድ ምክር፦ ከቤት ስትወጡ ትንሽ ካልበረዳችሁ ብዙ ለብሳችኋል። ጣቶቹ ከተለያዩ ጓንት ይልቅ ጣቶቹ አንድ ላይ የሚገቡበት ይሞቃል። መንገዱ በረዶ ሆኖ ካንጸባረቀ ደግሞ አትጀግኑ፤ እኔ ጀግኜ ሁለት ሳምንት በቂጤ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ጾሙስ? ይህን ፈረንጅ አሠልጣኝ አይነግራችሁም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው፤ ልክ ሰውነት በቀዘቀዘበት ሰዓት። እኔ እነዚያን ሳምንታት ቀለል ያለ ሥራ አደርጋቸዋለሁ። ከበድ ያለውን ልምምድ ከበላሁ በኋላ ማታ ላይ ነው የማደርገው። አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ኃይል ሰጪ የስፖርተኛ ጄል ከምትገዙ በሶ ግዙ። ለመርገጥ ከሆነ ቀጠን አድርጌ በጨውና በስኳር እበጠብጠዋለሁ፤ ለረጅም ጉዞ ደግሞ ጭብጦ ሠርቼ በላስቲክ ጠቅልዬ የጀርባ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከሩጫ በፊት ግን አልመክርም፤ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው፦ የፕሮቲን ዱቄት ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ዌይ ማለት የወተት ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በዌይ "ጾሜ" ያወቅኩት ለንስሐ አባቴ ስፎክር ነው። ከአተር የተሠራ አለ፤ ጣዕሙ የሽሮ ዱቄት በጥሬው እንደ መቃም ነው፣ ግን ይጾማል።

ጂም ላይ አጭር ልሁን። ስሙን የማልጠራው አንድ ጂም ዲሴምበር ላይ በወር አሥር ዶላር ብሎ አስገባኝ። ጃንዋሪ ላይ ማሽን ለመያዝ ወረፋ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ልውጣ ስል "በአካል መጥተሽ ደብዳቤ አስገቢ" አሉኝ፤ ደብዳቤው ከገባ በኋላም ሁለት ወር ቆረጡብኝ። ሁለት ዳምቤል ገዝታችሁ ሳሎን ውስጥ ሥሩ። ከመፈረማችሁ በፊት "መውጣት ስፈልግስ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የመውጫውን መንገድ በጽሑፍ ካላሳዩአችሁ ተዉት።

የውድድር ምዝገባ ላይ፦ ትሪያትሎን የሚደረግበት ሰኔ ሩቅ ነው፣ ሩቅ ነገር ደግሞ ከአልጋ አያስነሳም። መሀል ላይ አንድ ነገር አስገቡ። የዲሲው የቼሪ ብሎሰም 10 ማይል ሩጫ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው፤ የመግቢያው ዕጣ ዲሴምበር ላይ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ትልቁን ለሚያስቡ ጁን ላይ ኬምብሪጅ ሜሪላንድ የሚደረገው ኢግልማን አለ፤ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፀሐዩ ግን አይምርም። ጭራሽ አዲስ ከሆናችሁ የዲሲ ትራይ ክለብን የጀማሪዎች ፕሮግራም ጠይቁ። እኔም የተማርኩት እዚያ ነው፤ የኋላ ጎማ መቀየር እንኳ ያሳየኝ እዚያ የተዋወቅኩት ሰው ነው።

ማስተርሱን መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝና ማክሰኞ አብረን እንሂድ። የመጨረሻው ሌን ነው፣ ዘገምተኛው። እትዬ ቀድመው ስለሚደርሱ ቦታ ይይዙልናል።