ቬነስ ላይ ካርበን ዳይኦክሳይዱ ለምን ድንጋይ ውስጥ አልገባም?

ሰላም ጓዶች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ምድር ስትሞቅ ዝናብ ይበዛል፣ ዝናቡ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይዞ ድንጋዩን ይበላዋል፣ ከዛ ባህር ገብቶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፣ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ይሄ ይቀንስና ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጋዝ እየተጠራቀመ መልሶ ያሞቃታል፤ እስከዚህ ገብቶኛል፣ በጣም ደስ ይላል። ቬነስ ግን በመጠን ከኛ ጋር ተቀራራቢ ሆና አየሯ 96 ፐርሰንት ካርበን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀቷ 460 ዲግሪ ገደማ፣ ያውም ደመናዋ አብዛኛውን ብርሃን እየመለሰው! ውሃዋ ስለተነነ ነው ዑደቱ የቆመው ወይስ ከመጀመሪያውም ውቅያኖስ አልነበራትም? ፀሐይ ድሮ 30 ፐርሰንት ያህል ደካማ ነበረች ሲባል ደግሞ ይበልጥ ይምታታብኛል። ታዲያ ሌላ ኮከብ ጋ ያለችን ፕላኔት ርቀቷን ብቻ አይቶ ለህይወት ትመቻለች ማለት ይቻላል? የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።