ሲስት አለብሽ ተባልሽ? ብርሽን ከማውጣትሽ በፊት ይህችን አንብቢ

"ሲስት ተገኘብኝ፣ በቃ አልወልድም ማለት ነው?" ያልሽው እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ያለፍኩበት ነው። ሲስት ማለት እንቁላል ማምረቻ ላይ የሚፈጠር ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሆዴን በአልትራሳውንድ አይቶ "4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቶሎ ይውጣ" አለኝ። ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ ቦታ በታች በኩል፣ በብልት በሚገባው አልትራሳውንድ ስታይ፣ ንጹህ ውሃ የቋጠረ ተራ ሲስት ነው ተባለ። ከ2 ወር በኋላ ስመለስ የለም።

እና ምርጫዬ በታች በኩል የሚገባው ነው። በሆድ ላይ ከሚደረገው ይልቅ እንቁላል ማምረቻውን ከቅርብ ያሳያል። የወር አበባሽ እንዳበቃ ሂጂ። ወረቀቱን ስትቀበይ መጠኑ፣ የትኛው ጎን እንደሆነና ውስጡ ውሃ ይሁን ደም መጻፉን እዚያው አይተሽ ውጪ። የኔን እስካሁን በፕላስቲክ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ሁለተኛው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው።

"ቸኮሌት ሲስት" ከተባልሽ ነገሩ ይለያል። ውስጡ አሮጌ ደም ነው፣ ማርገዝንም ሊያዘገይ ይችላል። ግን ኦፕራሲዮኑ ራሱ የእንቁላል ክምችትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከመፈረምሽ በፊት ክምችትሽ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን ኤኤምኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቂ። ፒሲኦኤስ (በሆርሞን መዛባት እንቁላል በጊዜው የማይወጣበት ችግር) ከሆነ ደግሞ በኦፕራሲዮን የሚወጣ ነገር የለም። እንቁላል በጊዜው እንዲወጣ የሚረዳ ኪኒን አለ። ፋርማሲ የሚሸጠው የእንቁላል መውጫ ቀን መለኪያ ግን በፒሲኦኤስ ጊዜ ያሳስታል፣ አትድከሚበት።

ቦታን በተመለከተ፣ ለአልትራሳውንዱ የግል ምርመራ ማዕከል ይፈጥናል። እርግዝና ከዘገየ ግን ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፣ የመንግሥት ነው። ሪፈርሽን ይዘሽ ሂጂ።

ቴሌግራም ላይ "ሲስት የሚያሟሟ" እያሉ የሚሸጡትን ሻይ በፍጹም አትግዢ። በዚያ ብር ፎሊክ አሲድ ግዢ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝሽ በፊት ጀምሮ።

ልጄን እንዳረገዝኩም ሲስት ታይቶብኝ ነበር። ጽንሱን የሚያቆየውን ሆርሞን የሚያመርት ነው ብለው አረጋጉኝ፣ አራተኛው ወር ላይ ጠፋ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በአንድ ጎን ድንገት ቁርጥ የሚያደርግ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቂ። እንቁላል ማምረቻው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ወረቀትሽ ላይ ምን ተጽፏል? መጠኑንና ዓይነቱን ጻፊልኝ።