የጥቂት ተማሪዎችን ውጤት በፐርሰንት ሪፖርት ማድረግ ቸገረኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለመምህራንና ለርዕሰ መምህራን። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የተማሪዎችን ውጤት በፆታ፣ በዕድሜና በመጡበት ሁኔታ (ለምሳሌ ተፈናቅለው የመጡትን) ለይቼ ሪፖርት እንድሠራ ታዝዣለሁ። ሮስተሩ (የተማሪዎቹ ውጤት የተሞላበት ሰንጠረዥ) እጄ ላይ ነው፤ ኤክሴልም አያቅተኝም። የቸገረኝ ሌላ ነው።

ልጆቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ተፈናቅለው የመጡት 5 ቢሆኑና አንዱ ቢወድቅ "20 በመቶ ወደቁ" ይባላል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለት ከወደቁ 40 በመቶ! የተጨመረው እኮ አንድ ልጅ ነው። ወረዳ ላይ ግን ይሄ ቁጥር 60 ተማሪ ካለበት የከተማ ክፍል ጎን ይሰለፋል። በዚያ ላይ እነዚያ 5 ልጆች እነማን እንደሆኑ ቀበሌው በሙሉ ያውቃል። ስም ባልጽፍም ጻፍኩ ማለት ነው።

ዕድሜውም አስቸጋሪ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ወላጅ በግምት ይነግረናል። ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ትልልቆቹ ልጆች ይቀራሉ። ገብሱ አይጠብቅማ! ታዲያ ውጤታቸው የወረደው በዕድሜ ነው ወይስ በመቅረት? ከሮስተሩ ብቻ ይህን መለየት አልቻልኩም።

እስቲ የሠራችሁበት ንገሩኝ። የ3 ዓመቱን ውጤት አንድ ላይ ደምሮ ማቅረብ ይሻላል? ወይስ ፐርሰንቱን ትቶ "ከ5ቱ 4ቱ አለፉ" ብሎ መጻፍ? ወረዳው ይቀበለዋል? የቀሪ መዝገብን ከውጤት ጋር ያያያዘ ካለ ቅጹን ቢያሳየኝ በጣም ይጠቅመኛል። ሪፖርቱ የሚፈለገው ሴሚስተሩ ሳይዘጋ ነው።