በካዱት ውል ወንበር ይጠየቃል ወይ?

ክፍሉ (አድሚን)፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከደጃችን አይርቅም። ከአትላንታ ወደ ሰሜን ስትነዱ ቻታሁቺ ወንዝን ትሻገራላችሁ አይደል? ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ከ200 ዓመት በፊት ቼሮኪ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነበር። በ1835 ዲሴምበር 29 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ኒው ኢቾታ በምትባለው ዋና ከተማቸው ጥቂት ሰዎች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ፈረሙ። በ5 ሚሊዮን ዶላር የምሥራቁን መሬት በሙሉ ለቀን ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው እንሄዳለን አሉ። ዋናው አለቃ ጆን ሮስ አልፈረመም፣ ምክር ቤታቸውም አልተቀበለውም። ግን የዚሁ ውል 7ኛ አንቀጽ ቼሮኪዎች በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይኖራቸዋል ይላል። በ2019 ቼሮኪ ኔሽን (ኦክላሆማ ያለው የቼሮኪዎች መንግሥት) ኪም ቲሂ የምትባል ሴት ለቦታው ሰየመ። በ2022 ኖቬምበር የኮንግረስ ኮሚቴ ጉዳዩን ሰማ፣ ከዚያ ተንጠለጠለ።
ጥያቄዬ፦ ሕዝቡ የካደውን ውል ዛሬ አውጥቶ ወንበሬን ስጡኝ ማለት ያምራል?

ሄኖክ፦
አያምርም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው "ይሄ ውል የኛ አይደለም" ብሎ ፈርሞ ዋሽንግተን ላከ። ሴኔቱ ግን ፊርማውን ወደ ጎን ብሎ 31 ለ15 አጸደቀው፤ ከ31ዱ አንዱ ቢቃወም ሁለት ሦስተኛው አይሞላም ነበር። ዛሬ "በውሉ መሠረት" ካልክ እኮ የፈረሙት ሰዎች መብት ነበራቸው እያልክ ነው። የአያቶችህን ፊርማ በገዛ እጅህ ቀደድከው ማለት ነው።

ማርታ፦
ሄኖኬ፣ ቤትህን በጉልበት አስፈርመው ወሰዱብህ እንበል። ወረቀቱ ላይ "በየወሩ ይሄን ያህል እንከፍልሃለን" የሚል አለ። ቤቱን አትመልስም ካሉህ ክፍያውንም ወረቀቱ ሐሰት ነው ብለህ ትተወዋለህ? ቼሮኪዎቹ የውሉን ዋጋ ከነወለዱ ከፍለዋል። በ1838 ግንቦት ላይ ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት ወደ 7,000 ወታደር ይዞ መጣ፣ ሰዉን ከማሳው፣ ከምሳው ላይ እያነሳ በግንድ በታጠረ በረት አጎረው። ብዙ ሰው መንገድ ሳይጀምር እዚያው በበጋው ሙቀት በተቅማጥ አለቀ። ወደ 16,000 ሰው ነው የተነቀለው፣ የሞተው 4,000 ይገመታል። ይሄ ሁሉ ተከፍሎ አንዷን ወንበር "ለክብራችን ስንል አንጠይቅም" ይበሉ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ጋ መልቀቁ ነው ሞኝነቱ።

ዮኒ፦
ፍርድ ቤት እኮ አሸንፈው ነበር! በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ፈርዷል። ፕሬዚዳንቱ ጃክሰን ስለ ዋና ዳኛው "ማርሻል ፈርዷል፣ እስቲ ያስፈጽመው" ብሎ አላገጠባቸው።

ጋሽ በቀለ፦
ዮኒ ልጄ፣ ያቺን አባባል ጃክሰን ማለቱ አልተረጋገጠም። ሰውየው ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተጻፈች ናት። የሠራው ግን ከዚያ አይሻልም፤ በ1830 የማፈናቀያውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው።
አሁን ስለፈራሚዎቹ ላውራ፣ ከሃዲ ብላችሁ ልትዘጉት ስለሆነ። ዋናው ፈራሚ ሜጀር ሪጅ ይባላል። ይሄ ሰው በ1807 መሬት በድብቅ የሸጠ ደብልሄድ የሚባል አለቃን ከገደሉት አንዱ ነው። በ1829 ያለ ሕዝብ ፈቃድ መሬት የሸጠ ይሙት የሚለው ሕግ ሲጻፍም ደጋፊ ነበር። እንግዲህ ሲፈርም ምን እንደሚጠብቀው ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ ለምን ፈረመ? ዳሎኔጋ አካባቢ ወርቅ ተገኘ፣ ሰው ጎረፈ። በ1832 ጆርጂያ መሬታቸውን እዚያው እያሉ በሎተሪ አደለችው። 160 ኤከር ለእርሻ፣ 40 ኤከር ለወርቅ፣ ዕጣ የወጣለት ነጭ መጥቶ "ቤቱ የኔ ነው" ይላል። ፍርዱን የሚያስፈጽም የለም። ሪጅ "እየተፈጨን ነው፣ በቶሎ ከሄድን የሚተርፍ ይተርፋል" ከሚሉት ወገን ገባ። በ1839 ጁን 22፣ በአንድ ቀን፣ እሱም፣ ልጁ ጆን ሪጅም፣ የወንድሙ ልጅ ኤልያስ ቡዲኖትም ተገደሉ። ራሱ የደገፈው ሕግ ነው የበላው።

ሄኖክ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጀግንነት አታልብሷቸው። ነገሩ ከባድ ነበር፣ እሺ። ግን ማን ወከላቸው? ሕዝቡ በ1827 ሕገ መንግሥት ጽፎ፣ አለቃ መርጦ፣ ምክር ቤት አቁሞ ነበር። "እኔ የተሻለ አውቃለሁ" ብሎ በጓዳ መፈረም እኮ የኛም አገር ሰው የሚያውቀው በሽታ ነው።

ማርታ፦
እዚህ ጋ ልክ ነህ። ለወንበሩ ግን መልስ አይሆንም። ፈራሚዎቹን ኮንን፣ ውሉን የጻፈውን መንግሥት ግን በጻፈው ያዘው።
(ከርዕስ ወጣሁ ይቅርታ፣ ፊደላቸውን አይታችሁታል? በ1821 ሴኮያ የሚባል ሰው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ ለቋንቋቸው 85 ገደማ ምልክት ሠራ። እንደኛው አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይዟል። ልዩነቱ እኛ ከለ ሉ ሊ ዘሩን በዓይን እንለያለን፣ የነሱ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጋዜጣ አተሙበት።)

ሳሮን፦
አንድ ሰው ይሄን ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ማንም አላነሳም። በ1835 በተደረገው ቆጠራ ቼሮኪዎች ወደ 1,600 የሚሆኑ ጥቁር ባሪያዎች ነበሯቸው። ሮስም ነበረው፣ ሪጅም ነበረው። እነዚያ ሰዎችም የእንባ ጎዳና በሚባለው በዚያ የመፈናቀል ጉዞ ሄደዋል፣ እቃ ተሸክመው፣ የጌታቸውን ልጅ አዝለው። በ1866 ሌላ ውል ተፈረመ፤ ነፃ የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ሙሉ የዜግነት መብት አላቸው ይላል። በ2007 ቼሮኪ ኔሽን በድምፅ አስወጣቸው። በ2017 የፌደራል ፍርድ ቤት መብታቸው ይከበር አለ፣ በ2021 ደግሞ የራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት "በደም" የሚለውን ቃል ከሕገ መንግሥቱ አወጣው። እኔ ወንበሩን ይስጧቸው ባይ ነኝ። ግን "ውል ውል ነው" የሚል ሰው የ1866ቱንም አብሮ ያንብብ።

ሄኖክ፦
ሳሮን ይሄን በጥሩ ሰዓት አመጣሽው። በሚመቸው ቦታ ውል፣ በማይመቸው ቦታ ድምፅ። እኔ ያልኩት ይሄንኑ አይደል?

ሳሮን፦
አይደለም። አንተ ሁለቱንም ውል ጣል እያልክ ነው። እኔ ሁለቱንም አክብሩ ነው ያልኩት።

ክፍሉ (አድሚን)፦
የሕግ ሰዎች የሚያነሱትን ላስገባ። አንቀጹ "ኮንግረስ ሲያመቻች" የሚል ጭራ አለው። አንዳንዱ ይቺ ጭራ ግዴታውን ታላላዋለች ይላል። ሌላው፣ ኦክላሆማ ያለ ቼሮኪ የራሱን ተወካይ ይመርጣል፣ ሁለት ጊዜ ሊወከል ነው ይባላል። ግን የሚጠየቀው እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ወይ እንደ ጉዋም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የማይሰጥ ወንበር ነው። ሦስተኛው ይከብዳል፤ መንግሥት በሕግ እውቅና የሰጣቸው የቼሮኪ ወገኖች ሦስት ናቸው። ቼሮኪ ኔሽን፣ ኪቱዋ ባንድ፣ እና ተራራው ውስጥ ቀርተው ኖርዝ ካሮላይና ያሉት። ኪቱዋዎቹ "እኛም የውሉ ወራሾች ነን" ይላሉ።

ዮኒ፦
በዚህ ከቀጠለ ሌላ 190 ዓመት ይፈጃል 😂

ሄኖክ፦
ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቡዲኖት የጋዜጣው አዘጋጅ ነበር አይደል? ሰዉን ማሳመን ከፈለገ ለምን በጋዜጣው አልጻፈም? ለምን በጓዳ?

ጋሽ በቀለ፦
ሮስ ከለከለው። መሬት ለቆ መሄድን የሚደግፍ ክርክር እንዳይታተም አለ፣ ሕዝቡ አንድ ድምፅ እንዲሆን። ቡዲኖት በ1832 ጋዜጣውን ለቀቀ።

ሄኖክ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ሮስ ላይ ያለኝ ነገር ትንሽ ተናጋ፣ አልዋሽም። ፊርማው ላይ ግን አሁንም እዚያው ነኝ፤ ያ ሁሉ ሰው ጋዜጣ ስላላነበበ አይደለም መሬቱን የወደደው።

ማርታ፦
ቅዳሜ ኒው ኢቾታን እናሳይህ፣ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ማተሚያ ቤቱ እንደነበረ ተደርጎ ተሠርቷል። ውሉ የተፈረመው ደግሞ እዚያው ቡዲኖት ቤት ነው፣ ቤቱ ራሱ ግን ዛሬ የለም።