አምፕሊፋየሬ እምምም ይላል፣ ችግሩ ኧርዝ ነው?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች፣ ሳሎን አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገጥሜ ከላፕቶፕ ጋር በኦክስ ገመድ ሳገናኘው ዘፈን ሳልከፍት ራሱ እምምም ይላል፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅል ጸጥ። የአምፑን ብረት ስነካ ደግሞ ይነዝረኛል። አንድ ሠራተኛ የሶኬቱን ኧርዝ እግር (ያፈተለከ ከረንት ወደ መሬት የሚያወርደውን) ቁረጠው አለኝ፣ ልቁረጥ?

መልስ 1፦
በናትህ እንዳትቆርጥ! ውስጥ ሽቦ ተላቆ ቦዲውን ቢነካ 220 ቮልቱ ባንተ በኩል ነው መሬት የሚወርደው። ድምፁ ግራውንድ ሉፕ ይመስለኛል፣ ቻርጀሩና አምፑ ከተለያየ ሶኬት ኧርዝ ሲያገኙ በኦክሱ ሺልድ (የገመዱ የውጭ ሽቦ) ትንሽ ከረንት ይዞራል፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ እሱን ነው የምትሰማው። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፣ ካልጠፋ ኦክሱ መሃል ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (ዘፈኑን አሳልፎ ያንን ዙር የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ) አስገባ።

መልስ 2፦
እኔን ያሳሰበኝ ንዝረቱ ነው። ሶኬቱ ኧርዝ ስላለው ብቻ እንዳታምነው፣ ጅሬን የተከራየሁት ቤት ብሬከር አጥፍቼ ብፈታው አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ የትም አልታሰረም! ያንተም እንደዛ ከሆነ ከቻርጀሩ የሚያፈተልከው ከረንት መውጫ አጥቶ በኦክሱ ገመድ ነው የሚመጣው፣ አይሶሌተር ድምፁን ቢያጠፋም አደጋውን አያጠፋም። ባለሙያ ጠርተህ መሬት ላይ የኧርዝ ዘንግ (ከኧርዝ ሽቦው ጋር የሚታሰር ብረት) አስቀብር፣ ግን አስለካው፣ በክረምት አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ጥሩ ይይዛል በበጋ ይቀንሳል። አርሲዲም (ከረንት ሲያፈተልክ መብራቱን ወዲያው የሚቆርጥ) አስገባ፣ በዘንግ ብቻ ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል።

የቆጪ ልጅ፦
ፈትቼ አየሁት፣ አረንጓዴው ሽቦ ጭራሽ የለም። እስኪሠራ ነቅዬዋለሁ፣ ልጆች አሉኝ።